የትምህርት ቤት ጨዋታ ለምን በር ይዘጋበታል?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ልጄ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ቡድን በረኛ ናት። ባለፈው ጨዋታ ፍጹም ቅጣት ምት ስታድን አላየሁም። «የውጭ ሰው አይገባም» ተብዬ ከአጥር ውጪ ጩኸቱን ብቻ ሰማሁ። ካሜራ የያዘ ወጣት ጋዜጠኛም አብሮኝ ተመለሰ። በጣም ነው የከፋኝ።

የልጆቹ ደህንነት ይቅደም፣ እስማማለሁ። መታወቂያ ይታይ፣ ቦርሳ ይፈተሽ። መልበሻ ክፍል ማንም ድርሽ አይበል። ሜዳው ዳር ቆሞ ማየት ግን ማንን ይጎዳል?

አንዳንዱ ምክንያቱ የስርጭት መብት ነው ይላል፤ ጨዋታውን የማስተላለፍ መብት ማለት ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. የትምህርት ቤቶች የስፖርት ማኅበሩ ሙሉ ጨዋታን በኢንተርኔት በቀጥታ የማስተላለፍ መብትን ለአንድ ድርጅት ብቻ መስጠት እንደሚችል ወሰነ። ጋዜጦች ስለ ጨዋታው ከመዘገብ ግን አልታገዱም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ስርጭት መሸጥና ዘጋቢን ከበር መመለስ አንድ አይደሉም።

ለእነዚህ ልጆች በጋዜጣ የወጣች አንዲት ፎቶ ብዙ ናት። ብዙዎቹ ከዚህ በኋላ በክለብ ደረጃ አይጫወቱም።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ደንባቸውን ከጨዋታው ቀን በፊት ይለጥፉ። ጋዜጠኛ ፈቃድ የሚጠይቀው ማንን እንደሆነም አብረው ይጻፉ።

የተማሪ ወላጅ