የጂሚ ስፒርስን ታሪክ በአማርኛ እንጨርሰው፦ የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ወገን! በተለይ እናንተ ቅዳሜ ከሰዓት ከዲኤስቲቪ ቤት የማትጠፉ። የአንድ የድሮ ኳስ ተጫዋች ታሪክ በድምፅ እየሠራን ነው፣ ለመጨረስ የእናንተ እጅ ያስፈልገናል።

የኤፍኤ ካፕን ዋንጫ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሄ አሁን የምናየው ቅርጹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው፤ ያነሳው አምበል ደግሞ ጂሚ ስፒርስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። የግላስጎው፣ የጎቫን ሰፈር ልጅ። በሬንጀርስና በክላይድ ተጫውቶ ወደ ብራድፎርድ ሲቲ ሄደ። የዚያ ዓመት ፍጻሜ ከኒውካስል ጋር ክሪስታል ፓላስ ላይ 0 ለ 0 አለቀና ከአራት ቀን በኋላ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ተደገመ፤ ስፒርስ በግንባሩ ገጭቶ አገባ፣ 1 ለ 0፣ በቃ። ብራድፎርድ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ትልቅ ዋንጫ በልቶ አያውቅም።

በ1912 መጨረሻ ሊድስ ሲቲ ወሰደው። ያስፈረመው አሰልጣኝ ማን መሰላችሁ? ኸርበርት ቻፕማን! አዎ፣ በኋላ አርሰናልን አርሰናል ያደረገው ሰውዬ። መድፈኞች፣ ከእናንተ ትንሽ ከፍ ያለ መዋጮ የምንጠብቀው ለዚህ ነው።

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። የ1914/15 ውድድር እንደምንም አለቀና ሊጉ ተዘጋ። ስፒርስ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበር፣ የግዳጅ ምልመላም ገና አልታወጀም፤ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በፈቃዱ ካሜሮን ሃይላንደርስ የሚባለው የስኮትላንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ገባ። ገና 29 ዓመቱ ነበር። ሳጅን ሆነ፣ በ1917 የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸለመ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ቤልጅየም ውስጥ በፓሸንዴል ውጊያ ተገደለ። ሊጉ በ1919 ሲከፈት እሱ የለም። ክለቡ ሊድስ ሲቲም ብዙ አልቆየ፦ በጦርነቱ ጊዜ ለተጫዋቾች በድብቅ ከፍሏል ተብሎ ተከሰሰ፣ መዝገቤን አላሳይም አለ፣ ከሊጉ ተባረረ።

ይሄን ታሪክ ነው በድምፅ እየሠራን ያለነው። እኛ ማለት ኳስ ወዳድ ጓደኛሞች ነን፣ ድርጅት አይደለንም። ሥራው ሲያልቅ ለሁሉም በነፃ ይለቀቃል። ጽሑፉ አልቋል፣ የሚያነቡትም ልጆች ሳንቲም አልጠየቁም። የጎደለን የስቱዲዮ ኪራይ፣ የድምፅ ቅንብርና ለድሮ ፎቶዎቹ የሚከፈለው የፈቃድ ገንዘብ ነው። ፎቶውን ዝም ብላችሁ ከኢንተርኔት አውርዱት ያላችሁን አላችሁ፤ አናደርገውም።

የሰው አገር ሰው ታሪክ ምን ያደርግልናል የምትሉም አትጠፉም። እኛም አገር እኮ በ2011 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው መቀሌ 70 እንደርታ በጦርነት ምክንያት ለዓመታት ከሊጉ ውጪ ሆኖ ነበር። የተጫዋች ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው፣ የባከነ ሰዓት አይጨመርለትም። ከስፒርስ ቀጥሎ የኛዎቹን ራሳቸውን አናግረን መሥራት እንፈልጋለን፤ ለዚያ ግን መጀመሪያ ይሄኛው ማለቅ አለበት።

50 ብርም ትሁን፣ አትናቁት። ውጭ ያላችሁ ደግሞ በዶላርም በሪያልም ብትሉ እንቀበላለን። ገንዘብ ያልተመቸው ድምፅ ማቀናበር የሚችል ወዳጅ ያገናኘን። በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ የምታስገቡበትን እንነግራችኋለን፤ የወጣው ወጪ በሙሉ ከነደረሰኙ እዚሁ ይለጠፋል።