«ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ብዛት 2»

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጋዜጣችሁን ማንበብ የምጀምረው ከጨረታ ገጹ ነው። ከዚያ ስፖርት። ፖለቲካው ሦስተኛው ቡና ላይ ይደርሳል። ጨረታ የማየው ቤት ወይም መኪና ልገዛ አይደለም። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። እንጀራዬ ቲቪ፣ ዲኮደርና ስታቢላይዘር መጠገን ነው። ልቤ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ሰው «አሮጌ» ብሎ የጣላቸው የኤሌክትሮኒክስ መለኪያዎች ላይ።

ባለፈው ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ያገለገሉ ዕቃዎቹን በጨረታ ሸጠ። ዝርዝሩን ሳነብ ከተሰባበረ ወንበርና ከፎቶ ኮፒ ማሽን ቀጥሎ «ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ብዛት 2፣ የማይሠራ» ይላል። እስቲ ልያቸው ብዬ ሄድኩ። ምን ቴሌቪዥን! ሁለቱም ኦሲሎስኮፕ ናቸው። አንደኛው ደግሞ ቴክትሮኒክስ 465።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ቴስተር ስንት ቮልት እንዳለ ይነግርሃል። ኦሲሎስኮፕ ቮልቱ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው በዓይንህ ያሳይሃል፤ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ሲንቀጠቀጥ። ሐኪም የልብ ምት የሚያይበትን ማሽን አስቡት። 465 እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ የአሜሪካ ሥሪት ነው። እስከ 100 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ሚሊዮን ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ያያል። ለእኔ ሥራ ዛሬም ይተርፋል።

ዕቃው የሚሸጠው በጅምላ ስለነበር አቅሜ አልቻለም። አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ወሰደው። በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ሚዛን ላይ አወጣው፤ 10 ኪሎ ከምናምን። በቆርቆሮ ዋጋ ከፍዬ ተሸክሜው ስወጣ «ጋሼ፣ ይሄ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። «ልብ አይበታለሁ» አልኩት። ሳቀብኝ።

ሁለተኛውን በሳምንቱ ወሰድኩት። የቆጨኝ ግን የጥገና መጽሐፉ ነው። የዚያ ዘመን መለኪያ ከነሙሉ የሰርኪዩት ሥዕሉ ነበር የሚሸጠው። የትኛው ነጥብ ላይ ስንት ቮልት መገኘት እንዳለበት ሳይቀር ተጽፎበታል። ነጋዴውን ብጠይቀው «ወረቀቱንማ ለሱቆች ሸጥኩት» አለኝ። አሥር ቀን ያህል ቆይቶ መናኸሪያ አካባቢ ቆሎ ገዛሁ። ቆሎው አልቆ ወረቀቱን ልጥል ስል ትራንዚስተር አየሁ! የሰርኪዩት ሥዕል ነው፤ ጥግ ላይ ቅባት ነክቶታል። ሮጥ ብዬ ተመለስኩ። ሻጯ ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፤ የቀረው ወረቀት ከበርጩማው ሥር ነው። «እናቴ፣ ወረቀቱን ሽጪልኝ» አልኳት። «በምን ልጠቅልል?» አለች። እውነቷን ነው። ከሱቅ የአሮጌ ጋዜጣ እስር ገዝቼ ለወጥኳት። (አዘጋጁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የእናንተም ነበረበት።) 11 ቅጠል ተረፈልኝ። የፓወር ሳፕላዩ፣ ማለትም ለዕቃው ውስጥ ቮልት የሚያከፋፍለው ክፍል ገጽ ግን የለም። ዛሬ መጽሐፉ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል የሚል ይኖራል። ይገኛል። ተዘርግቶ ጠረጴዛ የሚያህለውን ሥዕል ግን በስልክ ስክሪን እየጎተቱ ሽቦ መከተል ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ወደ 465 ልመለስ። ስፒናውን ከመሰካቴ በፊት ጀርባውን አየሁ። የ115 እና የ230 ቮልት መምረጫ አለው። 115 ላይ ነበር! እንዳለ ብሰካው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ። አስተካከልኩና 100 ዋት የድሮ አምፖል በመሐል አስገብቼ ሰካሁት። የድሃ መከላከያ ነው። መግቢያው ላይ ከባድ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ ዕቃው ይተርፋል። ለአፍታ ቦግ አለና ደብዘዝ አለ። ደግ ምልክት ነው። አምፖሉን አውጥቼ በቀጥታ ሰካሁት። ስክሪኑ ግን ጨለማ።

የውስጥ ቮልቶቹን ድሮ ሌላ ስለጠገንኩ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፦ 110፣ 55፣ 15፣ 5 እና ኔጌቲቭ 8። 15 መኖር ያለበት ቦታ የቴስተሬ መርፌ ከዜሮ ንቅንቅ አላለችም። ዕቃውን ነቀልኩ። በዚያ መስመር ላይ ታንታለም የሚባሉ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ዕቃዎች አሉ። መልካቸው ቁርጥ የቡና ፍሬ ነው፤ የጅማ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፣ ማንም ቢያያቸው ቡና ነው የሚለው። ታንታለም ሲሞት ብቻውን አይሞትም። ሾርት ሆኖ መስመሩን በሙሉ ይዞት ይወርዳል። እና የትኛው እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። አንድ በአንድ አንድ እግራቸውን ከቦርዱ እያላቀቅኩ ለካሁ። አንደኛው ደኅና። ሁለተኛው ደኅና። ሦስተኛውም። አራተኛውን ሳነሳው ሾርቱ ጠፋ። ከተጣለ ቦርድ ላይ ከፍ ያለ ቮልት የሚችል አውጥቼ ተካሁለት። ማታ 2 ሰዓት ላይ አረንጓዴዋ መስመር ስክሪኑ መሐል ቀጥ ብላ ተዘረጋች። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ትክ ብሎ አያትና «ጋሼ፣ ቀጥ ካለችማ ሞቷል ማለት ነው» አለ።

ልጁን መጀመሪያ ያስተማርኩት ብየዳ አይደለም። ክዳን ሲከፈት ግራ እጅ ኪስ ውስጥ ይገባል። የስክሪኑ ቱቦ ጋ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ አለ፤ ከተነቀለ በኋላም ጥቂት ጊዜ ይቆያል። በሁለት እጅ የነካ ሰው ኤሌክትሪኩን በልቡ ያሳልፋል። የስፒናውን የመሬት ሽቦ ቆርጠው የሚለኩ ባልደረቦች አሉኝ። ሥራ ያቀልላል ይላሉ። እኔ እነሱ ጋ ሻይ እጠጣለሁ እንጂ ዕቃቸውን አልነካም።

ሁለተኛው «ቴሌቪዥን» ግን አሳፈረኝ። ቸኮልኩ፤ ሳልከፍት ሰካሁት። ሩብ ሰዓት ያህል ሠራና ጧ! ሱቁ በጭስ ታጠነ፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ወጣ። ጥፋቱ መብራቱ መግቢያ ላይ ያለች ቢጫ ካፓሲተር ናት። ውስጧ ወረቀት ነው፤ ላይዋ ደረቅ ሙጫ መሳይ ፕላስቲክ። ከዓመታት በኋላ ላይዋ ይሰነጠቅና ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል። በጅማ ዝናብ ደግሞ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። አሁን እንደዚያ ያለችውን ሳልለውጥ ምንም አልሰካም። መደርደሪያዬ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ አንድ ትንሽ አምፖል ይበራል፤ ለሙቀት። እያንዳንዱን መለኪያ በወር አንዴ ለአንድ ሰዓት አበራዋለሁ። ተኝቶ የሚከርም ካፓሲተር ይደክማል።

ከሁሉም የምወዳት ግን አቮዬን ነው፤ ባለ መርፌ ቴስተር ናት፣ ሞዴል 8። መምህሬ ጡረታ ሲወጡ የሰጡኝ ናት። አቮሜትር እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1923 የወጣ ነው። የፈጠረው የፖስታ ቤት መሐንዲስ ሲሆን፣ ስሙ ከአምፒር፣ ከቮልትና ከኦም የመጀመሪያ ፊደላት የመጣ ነው። ማምረት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ሌላ መለኪያ ጥሩልኝ! ኦም ለመለካት 15 ቮልት ድንጋይ ትፈልጋለች። ጅማ ላይ እንኳን ሊገኝ ስሙን የሚያውቅም የለም። እኔ የመኪና ማንቂያ ሪሞት ባለ 12 ቮልት ድንጋይና የኮምፒውተር ባለ 3 ቮልት ሳንቲም ድንጋይ አጋጥሜ እሰጣታለሁ። 15 ሞላ! ቮልት ለመለካትማ ድንጋይም አትፈልግ። ማታ ማታ ሶኬት ላይ እተዋታለሁ። ወፍጮ ቤቱ ሞተሩን ሲያስነሳ መርፌዋ ከ220 ወደ 170 ዝቅ ብላ ስትመለስ አያለሁ። ዲጂታሉ ላይ ቁጥሩ ይዘላል እንጂ አይታይህም።

አዲሱን አልጠላም። ርካሹ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕም ጥሩ ይሠራል፣ አይከብድም። ሲበላሽ ግን ሥዕል የለው፣ የውስጥ ዕቃው ጤፍ ያህላል። አሮጌውም ሁሉ አይድንም፤ ራሱ ፋብሪካው የሠራት አይሲ (ብዙ ክፍሎችን በአንድ የያዘች ቺፕ) ከሞተች ሌላ ቦታ አትገኝም፣ ያኔ ሦስት ሬሳ አንድ በሽተኛ ያድናል። ለዚህ ነው የሞተው እንኳ በኪሎ እንዲሸጥ የማልፈልገው።

የምለምነው ይህን ነው። የጨረታ ማስታወቂያ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች ጋዜጣችሁን ያነባሉ። መለኪያዎችን ከወንበርና ከቆርቆሮ ለዩልን። ምን እንደሆኑ ካላወቃችሁ አንድ ቴክኒሻን ጥሩ፤ እኔ በነጻ እመጣለሁ። በፍሬ ሽጡልን፣ ወይም ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ስጡ። መጽሐፉንም ከዕቃው ጋር እሰሩት።

ሌላው ለጅማ አንባቢዎች ነው። ባለፈው ክረምት መናኸሪያ አካባቢ ቆሎ ገዝቶ፣ ወረቀቱ ላይ ብዙ መስመርና 110፣ 55፣ 15 የሚሉ ቁጥሮች ያየ ሰው ካለ፣ ካልጣለው ፈረንጅ አራዳ ያምጣልኝ። ቆሎውን እኔ እገዛለሁ።

አክባሪያችሁ
የቆዩ መለኪያዎች ጠጋኝ፣ ከጅማ