የአያትሽ በሬ

ለልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ "ሹራብ ትልበስ በላት" ብላኛለች። አልኩሽ።

ትናንት በስልክ የጠየቅሽኝ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲያመላልሰኝ አደረ። ለበጋው ፌስቲቫል ክራርሽን ይዘሽ እንድትወጪ ጠርተውሻል። "አባዬ፣ በአማርኛ ብዘፍን ማን ይገባዋል? በእንግሊዝኛ ላድርገው?" አልሽኝ። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ስለ መድረክ ምን አውቃለሁ? ግን እዚህ ስዊድን፣ ማልሞ ሆኜ ያየሁት ነገር አለ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ በኛው ብጽፍልሽ ደውለሽ ትጠይቂኛለሽ።

የስፕሊቱን ጋሼ ታስታውሺዋለሽ? ልጅ ሳለሽ ኪስሽ ውስጥ ቸኮሌት የሚከትልሽ፣ አብሮኝ የሚነዳው፣ ስፕሊት ከምትባል ከተማ የሆነው ክሮኤሺያዊ። አባቱ እዚህ መርከብ ፋብሪካ ሊሠራ የመጣ ሰው ነበር። በ2013 ዩሮቪዥን የሚሉት የአገሮች የዘፈን ውድድር ማልሞ ላይ ሲደረግ እኔን ቤቱ ጠራኝ። አገሩ ስድስት ወንዶች ልካ ነበር። ዘፈናቸው ክላፓ የሚሉት ነው፤ የጓደኛሞች ስብስብ እንደማለት። የዳልማሲያ፣ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ዜማ ነው። በጥንቱ ወግ መሣሪያ አይፈልግም። ግማሽ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። አንዱ በቀጭን ድምፅ ያነሳል፣ ሌሎቹ ገብተው ይሸከሙታል፣ ወፍራሙ ከታች ይዞ ይቆያል። ኦሚሽ በምትባል ከተማ ከ1967 ጀምሮ የክላፓ ፌስቲቫል አላቸው። ዩኔስኮም በ2012 መዝግቦላቸዋል።

የስፕሊቱ ጋሼ ሙሉውን ዘፈን ቆሞ ነው የሰማው። እኔ ቃሉ አንዱም አልገባኝም፤ ፀጉሬ ግን ቆመ። ስድስቱ ሰዎች ለፍጻሜ አላለፉም። እሱም ቴሌቪዥኑን ጠርቀም አደረገና "ዓሣው ቀዘቀዘ፣ ብሉ" አለን።

ሁለት ወር ሳይሞላ ክሮኤሺያ የአውሮፓ ኅብረት ገባች። በሩ ተከፈተ፣ ወጣቱ ወጣ። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ አየርላንድ። በ2011 ሲቆጠሩ 4.28 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ2021 ደግሞ 3.87 ሚሊዮን። የወሊዱ ማነስም አለበት። የስፕሊቱ ጋሼ ግን "የኛ ሰፈር ልጆች የቀሩት ፎቶ ላይ ነው" ይላል። ይህን ሲል ስንቱ የኛ መንደር ትዝ እንደሚለኝ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ከዚያ 2024 መጣ። ዩሮቪዥን ያውም እዚሁ ማልሞ ተመለሰ። ከተማው በሰልፍና በፖሊስ ተጨናንቆ ነበር፣ መስመሬንም ቀይረውብኝ ስዞር ዋልኩ። ማታ ላይ የክሮኤሺያን ቀይና ነጭ ዳማ ማሊያ የለበሱ ልጆች አውቶቡሱን ሞሉት። ወለሉን በእግራቸው እየደበደቡ ይዘፍናሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እቆጣ ነበር።

የሚዘፍኑት የአገራቸውን ልጅ ዘፈን ነው፤ ቤቢ ላዛኛ ይባላል (አዎ፣ ላዛኛ፣ የሚበላው)። ኡማግ ከምትባል የኢስትሪያ ከተማ የመጣ ነው። አገር ውስጥ በሚደረገው ምርጫ ላይ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር። ሌላ ሰው ሲወጣ ገባና አሸነፈ። ማልሞ ላይ 547 ነጥብ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ፤ ክሮኤሺያ ራሷን ከቻለች ወዲህ እዚህ ደርሳ አታውቅም። ዳኞቹ ስዊዘርላንድን መረጡ እንጂ በሕዝብ ድምፅማ 337 ለ226 እሱ ነው የበለጠው።

እንግዲህ "በእንግሊዝኛ ስለዘፈነ ነዋ" ትዪኛለሽ። በእንግሊዝኛ ነው፣ እውነት ነው። በአገራቸው ቋንቋ የዘፈኑት ወደቁ፣ በእንግሊዝኛ የዘፈነው ወጣ። ይህን አልደብቅሽም። እኔን ብትጠይቂኝ አሁንም የስድስቱ ሰዎች ይበልጥብኛል። ግን የልጁ ዘፈን ስለ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ላሙን ሸጦ ከመንደሩ ስለሚሰደድ ወጣት ነው። ጭፈራው፣ ልብሱ፣ የእግሩ ምት ሁሉ የመንደር ነው።

የስፕሊቱ ጋሼ ሌላም የነገረኝ አለ። በምሥራቅ፣ ስላቮኒያ በሚሉት በኩል፣ ቤቻራጽ የሚባል ዘፈን አላቸው። ሁለት ስንኝ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቁም ነገር ይመስላል፣ ሁለተኛው መጥቶ ይገለብጠዋል፣ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። እዚያው ፈጥረው ይወራወሩበታል። "ይኼማ የኛ አዝማሪ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ተቀበል" የሚለውን አስረዳሁት፣ ሰሙንና ወርቁን ግን በስዊድንኛ ማስረዳት አቃተኝ። እሱ ደግሞ ሊየሪጻ የሚባል መሣሪያ በቪዲዮ አሳየኝ። ባለ ሦስት አውታር ነው፣ ጉልበት ላይ ቆሞ በቀስት ይመታል። ተጫዋቹ በእግሩ ወለሉን እየረገጠ ጨፋሪዎቹን ይመራል። ማሲንቆ ዘመድ ተገኘላት አልኩ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። እኔም በበሬ ነው የመጣሁት። አያትሽ ቡሬ የሚባል በሬ ነበራቸው። ለመንገዴ ገንዘብ ሲጠፋ ቡሬን ሸጡት። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ከዚያ ወዲያ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው ያረሱት፣ የሰውን ተራ እየጠበቁ። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አክስትሽ በስልክ ነገረችኝ። በዚያ ክረምት ማሳው ላይ ቆመው እንዲህ ይሉ ነበር አለች፦

ቡሬም ሄደ ለገበያ፣ ልጄም ሄደ ለሰው አገር፣
ማን ያርስልኝ ይሆን ዛሬ፣ ይህን ሁሉ ደረቅ አፈር?

"አፈር" የሚለውን የእርሻ ብቻ አድርገሽ እንዳትሰሚው። ሲቀበሩ አልነበርኩም።

በምን ቋንቋ እንደምትዘፍኚ አንቺው ወስኚ። ስንኙን ግን ላኩልሽ፣ ከፈለግሽ ያንቺ ነው። በትዝታ ቅኝት ሞክሪው፤ እናትሽ ዜማውን ታስተካክልልሻለች፣ ከኔ ትሻላለች።

ለስፕሊቱ ጋሼ ተረጎምኩለት፣ እንደምንም። ዝም ብሎ ቆየና "በሬው ስሙ ማን ነበር?" አለኝ። ነገርኩት። "ቡሬ፣ ቡሬ" እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ቅዳሜ ፈረቃ ቀይረን አብረን እንመጣለን፣ ከፊት ወንበር ያዢልን።

አባትሽ