ለኮሞዶር 64 ፊደል ስትሠሩ ሠን እና ዐን አትጣሉ

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣

እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር ዛሬም ወዳጆች አሉት። ማሽኑን ያላገኘ ሰው ቫይስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ያስነሣዋል። በዚህ ማሽን አማርኛ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ታዲያ ቶሎ «ቦታ አይበቃም» ይልና ሐን፣ ኀን፣ ሠን፣ ዐን እና ፀን ይጥላል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ፀሐይ ሠረቀች እና ሌባ ሰረቀ አንድ አይደሉም። ቦታውም አለ፤ መቁጠር ብቻ ነው የሚፈልገው።

ማሽኑ በአንድ ጊዜ 256 ምልክቶችን ይይዛል፤ እያንዳንዱ 8 ባይት ስለሆነ በጠቅላላው 2048 ባይት ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ኮድ 32 ባዶ ሆኖ መቅረት አለበት፤ ማሽኑ ስክሪኑን ሲያጠራ የሚሞላው በእሱ ነው። 160ም ለከርሰሩ (የሚጻፍበትን ቦታ ለሚያሳየው ብልጭልጭ ምልክት) ሙሉ ጡብ ሆኖ ይቀራል። አሥሩ አኀዞች ሲጨመሩ 13 ቦታ ይተርፋል፤ ይህም ለ«።»፣ ለ«፣»፣ ለ«፤»፣ ለጥያቄ ምልክትና እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኋ ላሉት ነው። ቨን ከነዘሮቹ የሚጨምር 6 ብቻ ይተርፈዋል።

የዚህ ዋጋ ከርሰሩ ላይ ይታያል። ማሽኑ ከርሰሩን የሚያብለጨልጨው ከሥሩ ባለው ኮድ ላይ 128 እየደመረና እየቀነሰ ነው። በተለመደው ስብስብ ያው ምልክት ተገልብጦ ይታያል፤ በእኛ ስብስብ ግን ፊደሉ ሌላ ፊደል እየሆነ ይመላለሳል። ስለዚህ በቤዚክ (በማሽኑ የፕሮግራም ቋንቋ) ጽሑፍ ስትቀበሉ የኢንፑትን ትእዛዝ ትታችሁ በጌት ተጠቀሙ፤ ጌት ከርሰር አያወጣም። ፊደሉንም በፕሪንት ከማውጣት በፖክ (ቁጥርን በቀጥታ ሚሞሪ አድራሻ ላይ በሚጽፈው ትእዛዝ) ማስቀመጥ ይቀላል።

የፊደሉን ሥዕል በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ምልክት 8 በ8 ነጥብ ሲሆን ከ8ቱ ዓምድ አንዱ ለክፍተት ይቀራል። ሐ ሦስት እግር ስላላት እግሮቿ ባለ አንድ ነጥብ ሆነው 1ኛ፣ 3ኛ እና 5ኛ ዓምድ ላይ ይቁሙ። ያኔ የሔ ቀለበት ከ5ኛው እስከ 7ኛው ይገባል፤ ከ3 በ3 ነጥብ ያነሰ ቀለበት ግን ይደፈናል። ባለ አንድ ነጥብ እግር በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ቀለሙ ስለሚፈስ ነጭ በጥቁር ላይ ይሻላል።

አሁን ዋናው፣ የፊደሉ ስብስብ ሚሞሪው ውስጥ የት ይቀመጥ? የማሽኑ የፕሮግራመሮች መመሪያ የሚያሳየው አድራሻ 12288ን ነው። ቤዚክ እንዳይረግጠው በአድራሻ 52 እና 56 ላይ 48 ተጽፎ የቤዚክ ሚሞሪ ጣሪያ ይወርዳል። ውጤቱን አስሉት፤ ቤዚክ ከ2049 ስለሚጀምር ሲበራ ከሚያሳየው 38911 ባይት የሚቀረው 10239 ብቻ ነው። ብዙዎች «ሚሞሪው አይበቃም» የሚሉት እዚህ ላይ ነው።

ቤዚክ የማይነካው ከ49152 እስከ 53247 ያለ 4 ኪሎባይት ግን አለ። ስክሪኑን 49152 ላይ፣ ፊደሉን 51200 ላይ አድርጉ። ፊደሉ ልክ 53247 ላይ ያልቃል፤ በመካከል ያለው 1024 ባይት ለቁልፍ ሰሌዳ ፕሮግራም ይሆናል። ትእዛዞቹ እነዚህ ናቸው፦

ፖክ 56576, ፒክ(56576) ኤንድ 252
ፖክ 53272, 2
ፖክ 648, 192

ከዚያ ስክሪኑ በፕሪንት CHR$(147) ይጸዳል። 56576 ላይ በቀጥታ 0 አትጻፉ፤ የዲስኩ መስመሮችም እዚያው ናቸው። ረንስቶፕ እና ሪስቶር የተባሉት ቁልፎች አብረው ከተነኩ ሥዕሉ ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል፤ ጽሑፍ የሚላክበትን ስክሪን የሚያመለክተው 648 ግን አይመለስም፤ ስለዚህ የምትጽፉት አይታይም። ሳታዩም ቢሆን ፖክ 648,4 ብላችሁ ሪተርን ምቱ። ከዲስክ ድራይቩ ጋር ይመጣ የነበረው የዲስክ ትእዛዝ ማሳጠሪያ ፕሮግራም፣ ዶስ 5.1፣ የሚቀመጠው 52224 ላይ ስለሆነ ከዚህ ስብስብ ጋር አብሮ አይኖርም።

ስብስቡን ወደ ዲስክ ለማውጣት መጀመሪያ የቤዚክ ፕሮግራማችሁን ሴቭ አድርጉ። ቀጥሎ የሚወጣው ሚሞሪ ከየት እስከ የት እንደሆነ ለማመልከት በአንድ መስመር አድራሻ 43 ላይ 0፣ 44 ላይ 200፣ 45 ላይ 0፣ 46 ላይ 208 ጽፋችሁ እዚያው ሴቭ በሉ። ሲያበቃ ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩ። ፋይሉ ከሁለቱ የአድራሻ ባይቶች ጋር 2050 ባይት ነው፤ የዲስኩ አንድ ክፍልፋይ (ብሎክ) 254 ባይት ስለሚይዝ በ18 ባይት ምክንያት 8 ሳይሆን 9 ብሎክ ይወስዳል። ከዲስኩ 664 ብሎክ አንጻር ምንም አይደለም። አሮጌውን ስም በ@ ምልክት ተክቶ መጻፍ ግን በ1541 ድራይቭ ላይ ፋይል የሚያበላሽ የታወቀ ስሕተት አለበት፤ በአዲስ ስም ጻፉና አሮጌውን በኋላ ሰርዙ።

ፋይሉ ሲጫን የሎድ ትእዛዙ መጨረሻ ,8,1 መሆን አለበት፤ ያለ 1ዱ ወደ ቤዚክ ቦታ ይገባል። በእጅ ከተጫነ በኋላ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ቢል አትደንግጡ፤ ቤዚክ ፕሮግራሙ እስከ 53248 የደረሰ መስሎት ነው፤ ኒው ማለት ይበቃል። ከፕሮግራም ውስጥ ሲጫን ደግሞ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው መስመር እንደገና ይነሣል። ስለዚህ አንድ ተለዋዋጭ ዜሮ ከሆነ ብቻ፣ እሱን 1 አድርጎ የሚጭን መስመር ይቅደም፤ አለዚያ ሲጭን ይኖራል።

ደብዳቤውን ካወጣችሁት ቁጥሮቹን ከዚህ ወረቀት ጋር እንድታመሳክሩ አደራ እላለሁ። 648 ተገልብጦ 684 ቢታተም ማሽኑ ምንም ስሕተት አይናገርም፤ ጽሑፉ ወደ 1024 እየሄደ አንባቢው ባዶ ወይም የተዘበራረቀ ስክሪን ፊት ይቀመጣል።

ከአክብሮት ጋር