የሥነ ጥበብና ዲጂታል ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው ከሐዋሳ ሰፈሮች ወደ ሐይቁ በሚወርዱ ዲቾች ላይ ነው። በክረምት ጎርፍ የሚጠርገው ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ መጨረሻው ሐይቁ ነው። «አካባቢያችንን እናጽዳ» ከሚል መፈክር ይልቅ የትኛው ዲች የት ላይ እንደተደፈነ ማሳየት ሰውን ያንቀሳቅሳል ብለን እናምናለን።

ሃክቲቪዝም (በኮምፒውተር የሚደረግ የተቃውሞ ንቅናቄ) ሲባል ለብዙ ተማሪ ድረ ገጽን ከሥራ ማውጣት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የሜክሲኮን ዛፓቲስታዎች (የአገሬው ተወላጆች ዓማፅያንን) የደገፉ አርቲስቶች «ፍለድኔት» በተባለ መሣሪያ የብዙ ሰው ኮምፒውተር የመንግሥት ገጾችን ደጋግሞ እንዲጠራ አድርገው ነበር። እንደ ታሪክ ተወያይተንበታል። እኛ ጋ እንዲህ ያለው ማጨናነቅ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ገጹ ቢዘጋም የተደፈነው ዲች አይከፈትም። የመረጥነው ማንም ሊያጣራው የሚችል መረጃ በግልጽ ማውጣትን ነው።

ማንም ሊያርመው በሚችለው ነፃ የዓለም ካርታ፣ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የምንመዘግበው ቋሚውን ነገር፣ ማለትም ዲቹን ራሱን ነው። ዛሬ ተቆልሎ ነገ የሚነሳው ቆሻሻ በዩማፕ (በዚያ ካርታ ላይ የራስን ነጥቦች መደረቢያ ድረ ገጽ) ለብቻው ይደረባል። ፎቶ የሚነሳው የስልኩ ሎኬሽን በርቶ ነው፤ ከዛፍና ከቆርቆሮ ሥር ነጥቡ ስለሚሸሽ ወጣ ብሎ ትንሽ መጠበቅ ያስፈልጋል። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፋይል ካልሆነ ሎኬሽኑ ይጠፋል። ነጥቦቹን በምንጽፍበት ሠንጠረዥ ላይ ኬክሮስና ኬንትሮስ ከተቀያየሩ ደግሞ (የሐዋሳ 7 እና 38 አካባቢ ነው) ነጥቡ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወድቃል። የሰው ፊት ያለበት ፎቶ አይወጣም።

ከሁሉ ብዙ ትምህርት የተገኘው ከስቴንስሉ፣ ማለትም ፊደል ተቆርጦለት ግድግዳ ላይ ቀለም ከሚነፋበት ቅርጽ ማውጫ ነው። ካርቶን በሁለተኛው ቀለም ይርሳል፤ ያገለገለ የራጅ ፊልም ግን ታጥቦ ይደጋገማል። ፊልሙ ላይ የታማሚው ስም ስለሚኖር መጀመሪያ በረኪና ውስጥ ተነክሮ ጥቁሩ ሽፋን በሙሉ ይታሻል፤ ሥራው በጓንት፣ ደጅ ላይ፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ሳይቀላቅሉ ነው። የእኛ ፊደል ለቆራጭ አስቸጋሪ ነው። «ቆሻሻ» ሲቆረጥ የ«ቆ» ሆድ፣ «ውኃ» ሲቆረጥ የ«ው» ሆድ ወልቆ ይወድቅና ግድግዳው ላይ ድፍን ክብ ይወጣል። ስለዚህ ሆዱን ከውጪው ጋር የሚያያዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ድልድይ ከመቁረጥ በፊት በእርሳስ ይሠመራል። ስፕሬዩ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ስስ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ ሲቀርብ ቀለሙ ከፊልሙ ሥር ሰርጎ ፊደሉን ያበላሻል። የግድግዳው ባለቤት ፈቃድ ሳይገኝ አይነፋም።

ካርታውን የሚከፍተው ኪው አር ኮድ በስቴንስል አይሆንም፤ የማዕዘኖቹ ነጭ ቀለበቶች ያው እንደ «ቆ» ሆድ ይወድቃሉ። በወረቀት ታትሞ ተለጠፈ። ላሚኔት የተደረገው ፀሐይ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ካሜራ አያነበውም፣ በረንዳ ሥር ይሻላል።

አካውንት ሳይከፈት በተሠራ የዩማፕ ካርታ ላይ ማረም የሚቻለው በምስጢራዊው ማረሚያ ሊንክ ብቻ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመውጣታቸው በፊት ሊንኩ በክበቡ መዝገብ ተጽፎ ለመጪው ዓመት አስተባባሪዎች ተላልፏል።