ማግኔት እንዳታስነኪው

እህት ዓለም፣

ሰላምታውም ይቅርታውም ይቆይሽ። ከሁሉ በፊት ይህን አንብቢ፦ ያ አንድ ጎኑ የተሰበረው ጥቁር ድንጋይ፣ በእጅ ጽሑፍሽ «61 ግራም» ብለሽ የመዘገብሽው፣ አሁንም አንቺ ጋ ካለ ማግኔት እንዳታስነኪው። ሌላ ሰውም እንዳያስነካው። ውኃ አታስነኪው፣ ጥጉን አትቁረጪው፣ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ተቀምጦ ከሆነ አሁኑኑ አንሺው፤ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አለ። ይህን አድርገሽ ስትመለሺ የቀረውን ታነቢያለሽ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ኖሬ ድንገት በትእዛዝ መምጣቴ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ይቅር በይኝ። ስንት ጊዜ ልጽፍልሽ ተቀምጬ እንደተነሣሁ ብነግርሽ ማመካኛ ይመስልብኛልና እተወዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ጤናዬም እንደምታውቂው ነው። ስለ አንቺ በእነዚህ ዓመታት የሰማሁት አንድ ወሬ ብቻ ነው፣ እሱም ባለፈው ሳምንት፦ የሜትሮራይት ስብስብሽን፣ እነዚያን ከሰማይ የወረዱ ድንጋዮችሽን፣ ልትሸጪ ነው አሉኝ። ለምን እንደሆነ መጠየቅ መብቴ አይመስለኝም። ግን እውነት ነው? የሲኮቴ አሊኗንም? እ.ኤ.አ. በ1947 በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ የወረደችውን፣ ላይዋ ላይ አውራ ጣት ጭቃ ላይ የተጫነ የሚመስሉ ጉድጓዶች ያሏትን፣ ማታ ማታ በጨርቅ የምትወለውያትን? ያቺን ከሸጥሽ እኔ ነኝ የማለቅሰው።

ገዢ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከትና በክር የታሰረችውን ማግኔት ያወጣል። በየትኛውም አገር ያለ ሰብሳቢ የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው፦ ከሰማይ ከሚወርዱት ድንጋዮች አብዛኞቹ ብረት ስላለባቸው ማግኔት ይስባቸዋል። እኛም የተማርነው እንዲሁ ነበር። እኔ ደግሞ ከመማር አልፌ እንደ ሃይማኖት ይዤው ነበር።

ያን ቀን አንቺም አልረሳሽውም። ቢሆንም እኔ እንደማስታውሰው ልጻፈው፣ ያጎደልኩትን ትሞይልኛለሽ። ከሞሮኮ በረሃ የመጣውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው፤ ወዳጆቻችን ሁሉ ከበውናል። ቡናማዎቹ ተራ ኮንድራይቶች፣ ከሰማይ ድንጋዮች በብዛት የሚገኙት፣ አንድ በአንድ ማግኔቷ ላይ ጥብቅ አሉ። ሁለት ጥቁር ድንጋዮች ግን ቀሩ፤ አንዱን ማግኔቷን አስነካሁት፣ ንቅንቅም አላለም። አንቺ ያልተነካውን ወደ መብራት አዙረሽ «ቅርፊቱን እዩት፣ ቫርኒሽ እንደተቀባ ያበራል» አልሽ። እኔ የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ነው አልኩ። ዝቃጭ ቢሆን ኖሮ የተሰበረው ጎኑ ላይ የአየር አረፋ ቀዳዳ ይታይ ነበር አልሽ። ያን ጊዜ የመለስኩልሽን እዚህ አልደግመውም። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንቺ አልሳቅሽም። ከረጢቱን ስንካፈል ያልተነካውን ለአንቺ፣ ሌላውን ለእኔ አደረግናቸው፤ እኔም እንደማይስብ ለማሳየት የራሴን በትልቁ የኒዮዲሚየም ማግኔት ግራና ቀኝ አሸሁት። እጄን ወደ አንቺው ስዘረጋ ድንጋይሽን ጨብጠሽ እጅሽን ከጀርባሽ ደበቅሽ። «የእኔን ተይው» አልሽኝ።

ከዚያ በኋላ፣ ድንጋይ ጨብጦ መሸሽ የልጅ ሥራ ነው ብዬ ለሌሎች አውርቼብሻለሁ። ይህንንም ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

የእኔዋ 83 ግራም የተጣሉት መሳቢያ ውስጥ ኖረች። ከሦስት ወር በፊት አዲስ የመጋዝ ምላጭ ለመሞከር የማያሳሳኝን ድንጋይ ስፈልግ እሷን አነሣሁ። ጥጓ ተቆርጣ ስትወድቅ ውስጧ ፈዛዛ ግራጫ ሆኖ ወጣ። አንድም አረፋ የለም። የብረት ፍንጣሪ የለም፤ ኮንድሩል የምንላቸው ክብ እንክብሎችም የሉም። ነጫጭ ቀጫጭን ክሪስታሎች በግራጫው ውስጥ እንደ ተበተነ ጭድ ተጠላልፈዋል፤ ጥቁሩ ቅርፊት ከላይ ከወረቀት እምብዛም ሳይወፍር ዙሪያውን ይዞታል። መጋዙን አጥፍቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የታየኝ የአንቺ ፊት ነው።

ቁራጯን ለአንድ ቤተ ሙከራ ላክኋት። ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ተፍቃ በማይክሮስኮፕ ታየች፤ ፓይሮክሲን በተባለው ማዕድን ውስጥ ያለው የብረትና የማንጋኒዝ ምጥጥንም ተለካ። ይህ ምጥጥን ድንጋዩ የማን ልጅ እንደሆነ ያሳብቃል፤ የመሬቱ ሌላ፣ የጨረቃው ሌላ ነው። መልሱ በአንድ ቃል መጣ፦ ዩክራይት።

ዩክራይት፣ እህት ዓለም! ቀልጦ፣ ፈስሶ፣ የቀዘቀዘ ባዛልት፣ ዕድሜው ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት የሚጠጋ። ከቬስታ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ሁሉ ከእኔ በፊት እንደምታውቂው አውቃለሁ፤ ግን ለማንም ልነግረው አልቻልኩምና ቻይኝ። በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞር፣ 525 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት አስትሮይድ! እ.ኤ.አ. በ1970 ከእሷ የሚመለሰው ብርሃን ከዩክራይት ጋር እንደሚመሳሰል ታወቀ፤ ዶውን የተባለችው መንኮራኩር በ2011 ደርሳ ስትዞራት በደቡብ ዋልታዋ ያለውን፣ ስፋቱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የግጭት ጉድጓድ በቅርብ አሳየችን። ቬስታ በቀለጠች ጊዜ ብረቷ ወደ መሀሏ ሰመጠ፤ ላይ የቀረው ባዛልት ለማግኔት የሚሆን ብረት እምብዛም የለውም። ንቅንቅ ያላለው ለዚህ ነው። ቅርፊቱ የሚያበራውም በውስጡ ካልሲየም ስለሚበዛ ነው። አንቺ በባዶ ዓይንሽ ያየሽው እሱን ነበር፤ እኔ በእጄ ማግኔት ይዤ አላየሁትም።

የሚቀጥለውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ውጤቱን ከላኩልኝ በኋላ አንድ ጥያቄ አስከተሉ፦ «ድንጋዩን ማግኔት ነክቶት ያውቃል?» ሁለት ቀን መልስ አልሰጠሁም። ቀልጦ የነበረ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የብረት ቅንጣቶች በዚያ ሰዓት የነበረውን መግነጢሳዊ መስክ ይዘው ይቀራሉ፤ ካልነኳቸው ለቢሊዮን ዓመታት አይለቁትም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ነበር፣ አንታርክቲካ ላይ ስለተገኘች አለን ሂልስ ኤ81001 ስለምትባል ዩክራይት። ከ3.7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የያዘችው መስክ ሲነበብ፣ ቬስታ በልጅነቷ እንደ መሬት በሆዷ የሚናጥ ቀላጭ ብረት፣ የራሷም መግነጢሳዊ መስክ እንደነበራት አመለከተ። ይህን ሁሉ የተናገረች አንዲት ትንሽ ድንጋይ ናት። የእኔ ማግኔት ደግሞ ከመሬት መስክ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበረታል። አንድ ጊዜ ሲያልፍበት የነበረውን ጽሕፈት ደምስሶ የራሱን ይጽፍበታል፤ በዓይንም በእጅም አይታወቅም። እኔ ግራና ቀኝ ነው ያሸሁት።

«ጥቁሯ ውበት» የምንላት የማርስ ድንጋይ፣ ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ 7034፣ የደረሰባት ይኸው ነበር። የማርስን ጥንታዊ መስክ ለማንበብ የጓጉ ሰዎች ከቁራጮቿ ያገኙት ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር የነኳትን ማግኔቶች አሻራ ሆነ። እንደ እኔ ያሉ ሰዎች፣ ድንጋዩን ከሁሉ በላይ እንወደዋለን የምንል ሰዎች፣ ያደረግነው ነው። አሁን ድንጋዩን ሳይጎዳ መግነጢሳዊ ባሕርይውን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ብዙ ሰብሳቢዎች ገና ስሙንም አልሰሙም። በየስብሰባው እየተነሣሁ እናገራለሁ፣ አንዳንዶቹ ይሰለቹኛል። ይሰልቹኝ።

አሁን ስለ አንቺው። ለቤተ ሙከራው እውነቱን ነግሬ በተኛሁበት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የዚያን ቀን ፎቶግራፎች አወጣሁ። በአንደኛው ላይ ሁለቱ ድንጋዮች ጎን ለጎን ናቸው፣ መሀላቸው ያቺ 1 ሴንቲ ሜትር የመለኪያ ኩብሽ። የእኔዋ የተሰበረ ጎን ላይ ጉብታ አለ፤ በአንቺው ላይ በዚያው ልክ ጎድጓዳ አለ። አሳድጌ በካርቶን ቆርጬ ገጠምኳቸው። የቅርፊቱ ጠርዝ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይዞራል። አንድ ድንጋይ ነው! ጠረጴዛው ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ሳለ ሁለታችንም አላየንም፣ በክርክር ተይዘን።

ስለዚህ ማግኔቴ ያልነካው ግማሽ ያለው አንቺ ጋ ነው። በረሃ ላይ ያነሣው ሰው አስቀድሞ በራሱ ማግኔት ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ እዚያ የሚፈልጉት በዱላ ጫፍ ማግኔት አስረው እንደሆነ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። መብረቅም በአጠገቡ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። ግን ከሁለቱ ቁራጮች አሁንም የሚናገረው ሊኖረው የሚችል የአንቺው ብቻ ነው።

ደግሞ ግራም ስለምትወጂ (አንድ ጊዜ በግማሽ ግራም ምክንያት ለሳምንት አኩርፈሽኛል፣ አልረሳሁም) ሒሳቡንም ልንገርሽ። በሜትሮራይት ማኅበሩ ደንብ መሠረት አዲስ ድንጋይ ስም እንዲያገኝ 20 ግራም ወይም ከጠቅላላው 20 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ በተቋም ለዘለዓለም መቀመጥ አለበት። ለየብቻ ካስመዘገብናቸው ከእኔዋ 16.6፣ ከአንቺው 12.2 ግራም ይሄዳል፤ በድምሩ 28.8። አንድ አድርገን ካቀረብናቸው ግን 144 ግራም ናቸውና 20 ግራም ይበቃል። ያም 20 ግራም ሙሉ በሙሉ ከእኔዋ ይቆረጥ። ከአንቺው የሚወሰደው ለመስኩ ምርመራ የምትበቃ ቅንጣት ብቻ ናት፣ እሷንም አንቺ ከፈቀድሽ።

ስሟ «ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ» ከሚለው ቀጥሎ አንድ ቁጥር ይሆናል። ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ሱዳን ላይ የወረደችውን አልማሃታ ሲታን ስንከታተል የነበረውን ታስታውሻለሽ፤ ገና ሕዋ ላይ ሳለች ታይታ በማግሥቱ ኑቢያ በረሃ ላይ የወረደችውን። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሸዋው ላይ ተሰልፈው እየተራመዱ ሲለቅሟት፣ እያንዳንዷ ቁራጭ የተገኘችበት ነጥብ እየተመዘገበ፣ 600 ያህል ቁራጭ። የእኛዋ የት እንደተኛች፣ ማን እንዳነሣት፣ መቼ እንደወረደች የሚያውቅ የለም። ስያሜ ወረቀቱን ሳንገለብጥ ድንጋዩን እንዳንነካ ይከለክለን የነበረው ሽማግሌ መምህራችን ቢያያት ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ታሪኳ ተጽፎ የቀረው በውስጧ ብቻ ነው፣ ግማሹን ደግሞ እኔ አጥፍቼዋለሁ።

ልትሸጪው ቆርጠሽ ከሆነ ለእኔ ሽጪልኝ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ጽፌም ሰረዝኩት። አልገዛውም። የአንቺው ነው፣ ያየሽው አንቺ ነሽ፣ በመዝገቡም ላይ ለይታ ያወቀችው አንቺ መሆንሽ እንዲጻፍ አደርጋለሁ። ዝም ብለሽኝ ብቻሽን ለቤተ ሙከራው ብትልኪውም ደስ ይለኛል፤ አድራሻውን ከደብዳቤው ጋር አያይዤዋለሁ። ከላክሽ በንጹሕ የአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልይው፤ ሣጥኑ በማግኔት የሚዘጋ ዓይነት እንዳይሆን እዪው። ያ ሰማያዊው ጌጠኛ ሣጥንሽ ክዳኑ በምን ነበር የሚዘጋው? ይህ ጥያቄ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ኩብሽ እኔ ጋ ናት። ያን ቀን በስሕተት ከዕቃዬ ጋር ገብታ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ከበደኝ። እንድመጣ ከፈቀድሽ ይዣት እመጣለሁ፣ የእኔዋንም ቁራጭ እይዛለሁ፣ ገጥመን እናያቸዋለን። ካልፈቀድሽም በፖስታ እልክልሻለሁ።

ብቻ መልሺልኝ። ሸጠሽው ከሆነም፣ ማግኔት ነክቶት ከሆነም፣ ያኔውኑ ተናደሽ ወንዝ ውስጥ ወርውረሽው ከሆነም ጻፊልኝ። ወንዙ የት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።

እህትሽ