የጠቡ ምንጭ የምሳ ሰልፍ አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በትምህርት ቤቶች በልጆች መካከል ደግነትንና ሰላምን ስለማሳደግ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ሰፈራችን ውስጥ በስልክ ሲቀባበሉት ነው የሰነበቱት፤ ስለዚህ ምን እንደሚል እዚህ አልደግመውም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አልዋጥ ብላኛለች። እኔ በምሠራበት ትምህርት ቤት ጠብ የሚነሳው በአብዛኛው ልጆቹ ለምሳ ሲሰለፉ ነው ትላለች። የተማሪዎቹ የሰላም ክበብ አባላት ሰልፉን መቆጣጠር ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ረግቧል ትላለች።

ይሄ ስህተት ነው። ስህተት መሆኑን የማውቀው በዚያ ሰልፍ ራስ ላይ ጭልፋ ይዤ የምቆመው እኔ ስለሆንኩ ነው።

መጋቢ እናት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለልጆች ቁርስና ምሳ አበስላለሁ፣ አበላለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ። ከተማ አስተዳደሩ በ2012 ዓ.ም. ምገባውን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲጀምር ከገቡት እናቶች አንዷ ነኝ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤታችን ተቀመጥን። ሲከፈት ተመልሰን ድስታችንን ጣድን። ያኔ ኬጂ የነበሩ ልጆች ዛሬ ቁመታቸው ከኔ ሊበልጥ ምንም አልቀረው። የማን እናት እንደታመመች፣ የማን አባት ሥራ እንደፈታ፣ ማን ሽንኩርት እንደማይወድ እናውቃለን።

ዘገባው ላይ ባለው ፎቶ ከልጆቹ ኋላ ነጭ ጋዋን ለብሰን የምንታየው እኛ ነን። ጋዜጠኛው ፎቶውን ሲያነሳ «እትዬ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይበሉልኝ» ብሎኛል። ያናገረኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩን ጠይቋል። የክበቡን ተጠሪ ጠይቋል። ሥልጠና የሰጡትን ሰዎች ጠይቋል። ተማሪዎችም ጠይቋል፤ እነሱ ግን ተጽፎ የተሰጣቸውን ነው ያነበቡለት። ልጆቹን በየቀኑ በስማቸው የምንጠራቸውን እኛን አንድ ጥያቄ አልጠየቀንም። ሳይጠይቀን ሄዶ ሥራችንን የጠብ ምንጭ አደረገው።

ሰልፍ ላይ ጠብ የለም አልልም። ልጆች ናቸው፤ ይገፋፋሉ። ግን ጠቡ የሚከፋው የትኛው ቀን እንደሆነ ብጠየቅ እመልስ ነበር። ውሃ የጠፋ ቀን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ እናንተም ታውቃላችሁ። በርሜላችን ባዶ ሲሆን በጀሪካን ከውጭ እስክናመላልስ ምሳው ይዘገያል። ስድስት ሰዓት ላይ መውጣት ያለበት ሩዝ ሰባት ሰዓት ሊሆን ምንም ሳይቀረው ይደርሳል። የሰባት ዓመት ልጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ የወጡ ሽታ እየመጣበት፣ ከኋላው የስምንተኛ ክፍል ጎረምሳ እየገፋው ይጠብቃል። በዚህ መሃል አንዱ «ሊያልቅ ነው» ይላል። በቃ፣ ሰልፉ ይፈርሳል። ልጅ የሚጋፋው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሳይደርሰኝ ይቀራል ብሎ ስለፈራ ነው። ቤቱ ራት እንደሌለ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ፍርሃቱ ይብሳል።

ይሄን ያስተካከልነው እኛ ነን። ትንንሾቹን አስቀደምን። ኬጂዎቹና አንደኛ ክፍሎቹ በልተው እስኪወጡ ትልልቆቹ ሜዳ ላይ እንዲጫወቱ መምህራኑን ለምነን አስማማን። ምሳው ሲዘገይ ከቁርስ የተረፈ ዳቦ ቆርሰን ለትንንሾቹ እናድላለን። ድስቱን ከኩሽና አውጥተን ልጆቹ የሚያዩት ቦታ አስቀመጥነው፤ ክዳኑንም እንከፍተዋለን። ሙሉ ድስት ያየ ልጅ አይጋፋም። መጨረሻ ለተሰለፉት ጭልፋችን እንዳይቀንስ ተስማማን፤ እንዲያውም ኋላ የቀረ ጭማሪ ያገኛል። ልጆቹ ይሄን ሲያውቁ ወደ ፊት መሽቀዳደሙ ቀነሰ። ዘገባችሁ ረገበ ያለው ይሄንን ከሆነ፣ አዎ ረግቧል። ባለቤቱን ግን ተሳስታችኋል።

የክበቡ ልጆች ክንዳቸው ላይ ሪባን አስረው ሰልፍ ማስከበር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ጋዜጠኛው ሪባኑን ጽፏል። እጃቸው ላይ ያለውን ግን አልጻፈም። አርጩሜ ይዘው ነው የሚቆሙት። የስድስተኛ ክፍል ልጅ የአንደኛ ክፍሉን ልጅ እግር ቸብ ሲያደርገው በዓይኔ አይቻለሁ። የተመታው ልጅ ምግቡን ተቀብሎ ቁጭ አለና እያለቀሰ በላ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሱ የምታንሰውን ልጅ ሲመታ አገኘሁት። ሰላም እንዲህ ነው የሚተላለፈው? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕጻን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አለው ይላል። ለመምህር የተከለከለ ዱላ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ማን ፈቀደለት? ለዩኒት መሪው ነገርኩ። የተመለሰልኝ «እናንተ ወጣችሁን ሥሩ» የሚል ነው። ወጡንማ እየሠራን ነው። ያን ወጥ የሚበላውን ልጅ እግሩ አብጦ እያየሁ ዝም እንድል ግን ማንም ሊያዘኝ አይችልም።

ጋዜጠኛው ለዚያች ዓረፍተ ነገር ማስረጃ አድርጎ የጠቀሰው የትምህርት ቤቱ የግጭት መዝገብ ከየት እንደመጣም ልንገራችሁ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበር። ዳቦውን ግማሹን በልቶ ግማሹን ጃኬቱ ውስጥ ይከታል። ደንቡ ምግብ ከመመገቢያ አዳራሹ እንዳይወጣ ይከለክላል። ደንቡ ምክንያት አለው፤ ኪስ ውስጥ የዋለ ምግብ ሊያሳምም ይችላል። አንድ ቀን ዳቦው ክፍል ውስጥ ወደቀበት። ልጆቹ «ሌባ» አሉት። በዚያው ስም እየጠሩት ሰነበቱ። ሲመረው አንዱን በድንጋይ ፈነከተው። ወላጅ አምጣ ተባለ። ጉዳዩ ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ቀረበ። ነገሩ ከዳቦ ስለተነሳ «ከምገባ ጋር የተያያዘ ግጭት» ተብሎ ተጻፈ። ድንጋዩ የተወረወረው ሜዳ ላይ ነው፤ ያውም ከሰዓት በኋላ በእረፍት ሰዓት። ስድቡ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። መዝገቡ ላይ ግን የኛ ሰልፍ ጥፋት ሆኖ ቀረ። እንዲህ እየተጻፈ የተጠራቀመ ወረቀት ነው ለጋዜጠኛችሁ የተሰጠው።

ዳቦው ለማን እንደሆነ ኮሚቴው አልጠየቀም። የጠየቀችው ባልደረባዬ ናት። ለታናሽ እህቱ ነበር፤ ገና ትምህርት ቤት ላልገባች። እናታቸው የሰው ልብስ እያጠበች ነው የምታሳድጋቸው። ባልደረባዬ ልጁን አስፈቅዳ፣ የተፈነከተውን ልጅ ለብቻው ጠርታ ነገረችው። በማግስቱ ሁለቱን አብረው ትሪ እንዲሰበስቡላት አደረገች፤ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ጓደኛሞች ሆኑ አልላችሁም። ያ ስም ግን ቀረ። ሌሎቹም አይጠሩትም፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የተወው የተፈነከተው ልጅ ነው። ይሄ ነው ዜና። ባነር ስላልተሰቀለለት ማንም አላየውም።

ደግሞ ልጆች በምሳ ብቻ የሚጣሉ ይመስል እንዴት ይጻፋል? በ2015 ዓ.ም. በሰንደቅ ዓላማና በመዝሙር ጉዳይ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተነሳውን ብጥብጥ ረሳችሁት? ያን ጊዜ እናንተም ዘግባችኋል። ማን ትክክል ነበር፣ ማን ተሳሳተ ብዬ አሁን አልከራከርም። ግን የዚያ ጠብ መነሻ የምሳ ሰልፍ ነበር? ልጆቹ ያን ሰሞን የሚወራወሩትን ስድብ የተማሩት ከትልልቅ ሰዎች ነው፤ ከቤት፣ ከታክሲ፣ ከስልክ። በዚያ ሰሞን ከአማርኛው ክፍልም ከአፋን ኦሮሞው ክፍልም የመጡ ልጆች ከአንድ ድስት ይበሉ ነበር። እኛ ሆን ብለን አቀላቅለን አስቀመጥናቸው። ከመካከላችን ሁለቱንም ቋንቋ የምትችለዋ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረች አጫወተቻቸው። እናቶች ልጆቻቸውን ቤት ሲያስቀሩ እኛ ግን ልጅ መጥቶ እንዳይራብ ብለን በሩን ሳንዘጋ ሠርተናል። በዚያ ቀን ያመሰገነን የለም። ዛሬ በጠብ ስማችን ሲነሳ ዝም እንድንል ይጠበቃል?

ሌላም አለ። በኮሪደር ልማቱ ከካዛንችስም ከፒያሳም ተነስተው ወደ ከተማው ዳር የመጡ ቤተሰቦች ልጆች በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ቀይረዋል። እኛም ጋ የመጡ አሉ። ጓደኛ የለውም፣ ሰፈሩን አያውቅም፣ ወንበሩ የማን እንደሆነ አያውቅም። ክፍል ውስጥ ቢቸግረው አይናገርም። ሰልፍ ላይ ግን ይታያል፤ ብቻውን ይቆማል፣ ሳህኑን ይዞ የት እንደሚቀመጥ ግራ ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ና፣ እዚህ ጋ» ብሎ የሚጠራ ልጅ እንፈልጋለን። ማን እንደሚጠራ እናውቃለን። በአብዛኛው እነዚያ ፈጣኖቹና ተናጋሪዎቹ አይደሉም፤ የክበብ አባል ሆነው የሚመረጡትም አይደሉም።

ደግነትን ማየት የፈለገ በረመዳን ይምጣ። የሚጾሙት ትልልቅ ልጆች በምሳ ሰዓት መጥተው ለትንንሾቹ ሳህን ያቀብላሉ። ማንም አላዘዛቸውም። በጾም ቀን እንቁላል ሲወጣ ደግሞ የሚጾመው ልጅ የራሱን ለጎኑ ያቀብላል፤ በፍስክ ቀን የተቀበለው ልጅ ብድሩን በዳቦ ይመልሳል። ይሄን ያስተማራቸው ቤታቸው ነው፣ ጎረቤታቸው ነው። እኛ የጨመርንላቸው ቢኖር ቦታውንና ጊዜውን ነው።

የሰላም ክበቡን አልጠላውም። ልጆቹ ድራማ ሲሠሩ አይቼ አልቅሻለሁ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ተመልሶ ለትንንሾቹ መሰጠቱም ደስ ብሎኛል፤ እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ትምህርት ቢኖር እወድ ነበር። ግን አንድ ልጅ ግብረ ገብ ላይ መቶ ከመቶ አግኝቶ፣ ከክፍል ወጥቶ ሰልፍ ላይ አርጩሜ ከተሰጠው፣ የተማረው የትኛውን ነው? መምህሩ ይሄን ሊያውቅ የሚችለው ከኛ ጋር ሲነጋገር ነው። አንዲት የግብረ ገብ መምህር አለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ «ዛሬ ማን ምን ሆነ?» ትለናለች። የነገርናትን ስም ሳትጠራ ክፍል ውስጥ ታነሳዋለች። የሷ ክፍል ልጆች ልዩነታቸው ይታወቃል። ጋዜጠኛችሁ እሷንም አላገኛትም።

የምጠይቀው እንዲህ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር በወጣችበት ገጽ ላይ አርሙልን። ልጅ ከቤትም ከክፍልም ይዞት የመጣው ብሶት ሰልፍ ላይ ስለታየ ብቻ ሰልፉ አይወቀስ። ትምህርት ቤቶችም የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሲሰበሰብ ከመጋቢ እናቶች አንዷን ይጥሩ፤ ሻይ ልታቀርብ ሳይሆን ልትናገር። ግጭት ሲመዘገብ የት እንደተነሳና ማን ምን እንዳለ ይጻፍ። አርጩሜው ዛሬውኑ ከልጆቹ እጅ ይወሰድ። የክፍያችን ጉዳይ ብዙ የሚያናግር ነው፤ ለሱ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ጋዜጠኛው ተመልሶ ቢመጣ ደስ ይለናል። ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ሳይሆን ስድስት ሰዓት ላይ ይምጣ፤ ውሃ የጠፋበት ቀን ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይረዳዋል። ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት ግን መጀመሪያ እኛን ይጠይቀን።

አንዲት መጋቢ እናት
አዲስ አበባ